ሐኒ ያልጣለችው ጠጠር

ቋ።

እሷን ከማየቴ በፊት የሰማሁት ይህን ነው፤ አንዲት ጠጠር ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ስትወድቅ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ ወረቀቴን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። ከኋላዬ ያለው ወንድ ይሁን ሴት፣ ሽማግሌ ይሁን ወጣት አላውቅም። አሥራ ስምንት ጥያቄ አንብቤ አሥራ ስምንት ጊዜ ዝምታ ሰምቻለሁ። «ለሥራ ስነሳ ድካም ይሰማኛል።» ዝም። «የምንከባከበው ሰው ስሜን ሲረሳ ልቤ ይሰበራል።» ዝም። አሥራ ዘጠነኛውን፣ «በሥራ ቦታዬ የልቤን የምነግረው ሰው የለኝም» የሚለውን ሳነብ ግን እጅ ጠጠሮቹን ሲነካካ ሰማሁ። ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቋ አለ። አንድ።

አሠራሩ የአቶ ኢተፋ ነው። ከአዲስ አበባ የመጡ አጥኚ ናቸው፤ የመርሳት ሕመም ያለባቸውን አረጋውያን የሚንከባከቡ ሠራተኞች ምን ያህል የሥራ ጫና እንዳለባቸው ሊለኩ አሶሳ ድረስ መጥተው፣ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ማንጎ ሥር መጽሔት ከማንበብ በቀር ሥራ ያልነበረውን እኔን ጠያቂ አድርገው ቀጠሩኝ። ከመጠለያው አምስት ሠራተኞች ማንበብ የማይችሉም ስለነበሩ ሃያው ጥያቄ በቃል ይነበባል፣ መልሱ በጠጠር ነው። በፍጹም ከሆነ ምንም አይጣልም፤ ሁልጊዜ ከሆነ አራት። ጠያቂው ፊቱን አዙሮ በጆሮው ይቆጥራል። «ሰው ፊት ለፊት ካየኸው ደህና ነኝ ነው የሚልህ፤ ይሉኝታችን ከባድ ነው። ጀርባህን ስጠው» ብለውኛል። የሰማሁትን መጀመሪያ በእርሳስ እጽፋለሁ፤ ሁሉም ሲያልቅ በእስክሪብቶ አጸናዋለሁ። ስም አይጻፍም። ይህቺ ቁጥር አራት ነበረች።

«አለቀ?» አለችኝ።

ዞርኩ። ሐኒን መጀመሪያ ያየኋት እንዲህ ነው፤ የቀሚሷን እጅጌ እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ የሳሙና አረፋ ክንዷ ላይ ሳይደርቅ፣ ዓይኗ እኔን ትቶ ወረቀቴን እያየ። ቀኝ አንጓዋ ላይ አራት የጥርስ ምልክት አለ። ዓይኖቿ ሥር ደግሞ ብዙ ቀን ያልተኛ ሰው ጥላ።

«በሃያ ጥያቄ አንድ ጠጠር» አልኳት። ማለት አልነበረብኝም። «ከሌሎቹ ከሠላሳ በታች የጣለ የለም።»

«እነሱ ጠጠር ይወዳሉ» አለችና ወደ ልብስ አጠባዋ ተመለሰች።

የዚያን ቀን የሰፈራ አምባችን እስክደርስ ድረስ ያቺ አንዲት ጠጠር ጆሮዬ ውስጥ ትወድቅ ነበር። ይህቺ ልጅ ምንም አልከበደኝም ብላለች፤ የከበዳት አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱም የሚያዳምጣት ሰው ማጣቷ።

* * *

ክልሉ ያን ጊዜ ገና አዲስ ነበር። የቢሮዎቹ ሰሌዳ ቀለሙ በቅጡ አልደረቀም፤ አንዱ ቢሮ ከሌላው የጽሕፈት መኪና ይዋሳል። ሰው ሁሉ አዲስ ነገር በሚጀምርበት በዚያ ዓመት፣ ከከተማው ዳር ባለችው አነስተኛ መጠለያ ውስጥ ሰባት አረጋውያን የቀራቸውን ቀስ እያሉ ይረሱ ነበር። አቶ ኢተፋ በሳምንት ሦስት ቀን ግቢው ውስጥ ተቀምጬ ሠራተኞቹ ስንት ሰዓት ቆመው እንደሚውሉ እንድመዘግብ አዘውኛል። እውነቱን ለመናገር የመዘገብኩት አንዷን ነው።

ሐኒ ከሁሉም በላይ የምትይዘው ኡም ዐወድን ነበር። የዐወድ እናት ማለት ነው፤ ሌላ ስሟን የሚያውቅ አልነበረም። ዕድሜዋን ገበያ ውስጥ ስትነግድ ኖራ አማርኛ እንደ ውኃ ታውቅ ነበር ይላሉ። ሕመሙ መጀመሪያ የወሰደባት አማርኛዋን ነው፤ ቀጥሎ ዓመቱን፣ ቀጥሎ የሰውን ፊት። የቀራት የእናቷ ቋንቋ በርታኛና ልጇ ነው። ዐወድ ወርቅ ሊቆፍር ወደ መንጌ ወርዶ ጉድጓድ ከተደረመሰበት ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ለእሷ ግን የሄደው ዛሬ ጠዋት ነው። ምግብ ሲቀርብላት ልጄ ሳይበላ አልበላም ትላለች። ሐኒ ጎኗ ቁጢጥ ብላ በቋንቋዋ የምትመልስላት አንድ ቃል አላት። ዘበኛው ጁምዓ ተረጎመልኝ፤ «ዐወድ እጁን እየታጠበ ነው፤ አንቺ ጀምሪ፣ ይደርስብሻል።» ከዚያ አንድ ጉርሻ ገንፎ በባምያ ወጥ። ለሁለተኛው ጉርሻ እንደገና ያንኑ። በአንድ ምሳ አርባ ጊዜ ስትለው ቆጥሬያለሁ፤ አርባኛውም እንደ መጀመሪያው ለስላሳ ነበር።

ሌላ ሰው ሊያጎርሳት ሲሞክር ትተፋዋለች። ጁምዓ ራሱ በርታ ስለሆነ አንድ ቀን ሐኒን ላሳርፋት ብሎ ገብቶ ነበር፤ ዐወድን ጉድጓድ የላከው ወርቅ ነጋዴ መስሏት በሳህኑ ግንባሩን አለችው። «እኔ በር ይሻለኛል» አለ ደሙን እየጠረገ። «በር ላይ የሚመጣው ሌባ ብቻ ነው።»

እኔን ግን ዐወድ አደረገችኝ። በጥር አንድ ቀን በረንዳው ላይ ሆና አይታኝ እጇን ዘረጋች፤ ሐኒ መጥታ እጅጌዬን ያዘችኝ። «ና። እጅህን ታጠብ። ዛሬ አንተ ነህ» አለችኝ። ኡም ዐወድ ፊት ቆሜ ታጠብኩ። አሮጊቷ አየችኝ፤ ሳቀች፤ ሳህኑን ጠርጋ በላች። ሐኒ በአሮጊቷ ራስ ላይ አሻግራ አየችኝ። ለዚያ አስተያየት ዛሬም ቢሆን ስም የለኝም። የሞተ ሰው ቦታ ተሰጥቶኝ እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ከሥራ ስትወጣ እስከ አስፋልቱ እሸኛት ጀመር። አባቴ በሰባ ሰባት ከወሎ የመጣ ሰፋሪ ነው፤ እኔ ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እሷ መንጌ ተወልዳ፣ አሶሳ አጎቷ ሙርሳል ቤት አድጋ፣ ስምንተኛን እዚሁ ተምራለች። በሚያዝያ ከአምባችን መሀል ካለው ትልቅ ዛፍ የለቀምኩትን ማንጎ ወሰድኩላት። አንዱን አንስታ አገላበጠችው፣ አሸተተችው።

«የአያቴን ማንጎ ለኔ ስጦታ ታመጣለህ?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። አምባችን የተቆረቆረበት መሬት የእነሱ ነበር፤ ዛፉን የተከሉት አያቷ ናቸው። መሬት ብትሰነጠቅ በገባሁ። እሷ ግን ማንጎውን ነክሳ ጭማቂው በአገጯ እየወረደ ሳቀች። «ደህና ይዛችሁታል» አለች። ትንሽ ሄደን ሳቋ ጠፋ። «ለአጎቴ ሰፋሪ ወደድኩ ብዬ አፌን ብከፍት» አለችና ሳትጨርሰው መንገዱን ተሻገረች። ከዓረፍተ ነገሩ መሀል አንዲቱን ቃል፣ «ወደድኩ» የምትለዋን፣ ለይቼ የሰማኋት እሷ ከዓይኔ ከተሰወረች በኋላ ነው። እዚያው አስፋልቱ ዳር ቆሜ ቀረሁ፤ የሰው ዛፍ ፍሬ በእጄ ይዤ።

* * *

በዚያው ሰሞን ያየሁት አንድ ነገር አለ። ሐኒ ኡም ዐወድን ስታጥባት አሮጊቷ ደንግጣ አንጓዋን ነከሰቻት። የሐኒ ሌላው እጅ ተጨብጦ አየር ላይ ቆመ። እኔና ኃላፊዋ ሲስተር አሰፋሽ በር ላይ ነበርን። እጇ እዚያ ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ከዚያ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈታቻቸው፣ በዚያው እጅ የአሮጊቷን ፀጉር ዳበሰች። ሲጨርሱ ከልብስ ማስጫው ጀርባ ሄዳ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቆመች። ስጠጋ ተኝታለች። ቆማ፣ እንደ ከብት።

የሁለተኛው ዙር ጥያቄ ከዚያ በሳምንቱ ነበር። ፊቴን አዞርኩ። ከኋላዬ የገባችው ማን እንደሆነች ከአረማመዷ ለይቻታለሁ። አንድ፣ ዝም። ሁለት፣ ዝም። አሥራ አራተኛውን አነበብኩ፤ «የምንከባከበውን ሰው ለመምታት እጄ የሚቃጣበት ጊዜ አለ።» ዝም። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ደረስኩ። «በሥራ ቦታዬ የልቤን የምነግረው ሰው የለኝም።»

ጠበቅኩ። ምንም አልወደቀም።

ያቺ አንድ ጠጠር እንኳ ቀርታለች። ለምን እንደቀረች እኔ አውቃለሁ፤ እሷም እንደማውቅ ታውቃለች። ከዚያ ዝምታ የሚበልጥ የፍቅር ቃል ከሰው አፍ አልሰማሁም።

እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ።

ከሰዓት በኋላ ወረቀቶቹን በእስክሪብቶ ላጸና ማንጎ ሥር ተቀመጥኩ። የቁጥር አራት ወረቀት ከላይ እስከ ታች ዜሮ ነው። አቶ ኢተፋ ያሉኝ ትዝ አለኝ፤ ጫናው የበዛበት ዕረፍት እንዲያገኝ፣ ረዳት እንዲቀጠርለት ነው የምንለካው ብለውኛል። ዜሮ የጣለ ሰው ማን ያሳርፈዋል? ጠጠሮቹን ከከረጢቱ ውስጥ አወጣሁ። ጥያቄዎቹን ለራሴ እያነበብኩ፣ ግድግዳው ላይ ተደግፋ የተኛችውን እያሰብኩ፣ ሐኒን ሆኜ መለስኩ። ድካም፣ አራት። እንቅልፍ ማጣት፣ አራት። አሥራ አራተኛው ላይ እጄ ቆመ። የተጨበጠው እጇ ታየኝ። እውነተኛ ሰው አንድ ይጥል ነበር አልኩ ለራሴ፤ አንድ ጣልኩ። እርሳሱን በላጲስ አጥፍቼ በእስክሪብቶ ጻፍኩ። ድምሩ ሃምሳ ሰባት መጣ።

አሥራ ዘጠነኛውን ብቻ አልነካሁትም። እሱ የኔ ነበር።

አቶ ኢተፋ ውጤቱን ደምረው፣ አንዱን ቅጂ ለመጠለያው ቦርድ ሰጥተው፣ ለሚቀጥለው ጥናት አዲስ አበባ እንደሚያስመጡኝ ቃል ገብተውልኝ ተሳፈሩ። በዚያ ሳምንት መንገድ ላይ ብቻዬን ስሄድ እስቅ ነበር። ለሐኒ ዕረፍት ሰጥቻታለሁ፤ ሳታውቀው፣ ምስጋና ሳልፈልግ። ራሴን እንዴት እንደወደድኩት ሳስታውስ ዛሬ አፍራለሁ።

* * *

የቦርዱ ደብዳቤ በግንቦት መጀመሪያ መጣ። ስም የለውም፤ «ቁጥር አራት» ነው የሚለው። ግን ወረቀቱ ላይ ዕድሜና ቋንቋም ይጻፋል። ከአምስት ሠራተኛ በርታኛ ተናጋሪ፣ የሃያ ዓመት ሴት አንዲት ናት። ሲስተር አሰፋሽ ሠራተኛውን ሁሉ በረንዳ ላይ ሰብስባ፣ ድምፅዋ እየወረደ አነበበችው። ቁጥር አራት ላይ የታየው ጫና ከሁሉም የከፋ ነው፤ በአሥራ አራተኛው ጥያቄ የሰጠችው መልስ ለታካሚዎቹ ደኅንነት ያሰጋል፤ ስለዚህ ለሁለት ወር ከሥራ ትገለል፣ ወደ ግቢውም እንዳትገባ።

ሐኒ እጇ ላይ ያለውን ሳህን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«አሥራ አራተኛው ምንድን ነው?» አለች።

ሲስተር አነበበችላት። ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ።

«ሲስተር፣ ያን ቀን በር ላይ ነበሩ» አለች ሐኒ። «እጄን አይተዋል። እርስዎ ነዎት የነገሯቸው?»

ሲስተር አሰፋሽ ለማንም እንዳልተናገረች ልትምል ጀመረች፤ መሐላው አፏ ላይ እያለ ዕንባዋ ቀደማት፣ ዕንባዋም የጥፋተኛ መሰለ። ሐኒ ወደኔ ዞረች።

«በቃሉ፣ አንተ ታውቃለህ። ምንም አልጣልኩም። ንገራቸው።»

አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች የምትፈለገው። አፌ ውስጥ ነበረች፤ ክብደቷም ይሰማኝ ነበር። አዲስ አበባ ታየችኝ፤ ከዚያ በላይ ግን የሐኒ ዓይን ሲለወጥ ታየኝ።

«የሰውን መልስ መናገር አይፈቀድልኝም» አልኩ። «ደንብ ነው።»

ትንሽ አየችኝ። ብትሰድበኝ ኖሮ እንዴት በቀለለኝ። እሷ ግን አመነችኝ።

«ልክ ነው» አለች። «ደንቡን አክብር።»

ሻሿን አስተካክላ ወጣች። ኡም ዐወድ ከውስጥ «ዐወድ» ብላ ስትጣራ ከሁላችንም የሚመልስላት ጠፋ።

* * *

በማግሥቱ ጁምዓ በሩ ላይ አንድ የደብተር ቅዳጅ ሰጠኝ። «ሐኒ ሰጠኝ። ለዐወድ ስጥ አለኝ» አለ፤ በሱ አማርኛ ሴቱም ወንዱም «እሱ» ነው። ዐወድ እኔ ነኝ። ጽሑፉ የልጅ ጽሑፍ ይመስላል፤ ፊደሎቹ ተራርቀው ቆመዋል።

«በቃሉ፣ ጉርሻውን በግራ በኩል አቅርብላት፣ በቀኝ ጥርስ የላትም። ገንፎው ሞቅ ይበል። መጀመሪያ እጅህን ታጠብ፣ ታይህ። ቃሉን ጁምዓ ያስጠናህ። ስለ እኔ አትጨነቅ፣ አንተ ስላለህ ነው የተውኳት። ሐኒ»

አንተ ስላለህ። ወረቀቱን ሸሚዜ ውስጥ፣ ደረቴ ላይ አደረግሁት፤ ቀኑን ሙሉ አቃጠለኝ።

እንዳለችው አደረግሁ። ታጠብኩ። ቃሉን ከጁምዓ አጥንቼ አልኩ። ኡም ዐወድ ድምፄን ሰምታ ፊቴን መረመረች፤ ስለ ዐወድ የምትናገረው ሐኒ ነበረች እንጂ ዐወድ ራሱ ስለ ራሱ «እጁን እየታጠበ ነው» ይላል እንዴ? አፏን ዘጋች። ጁምዓ በመስኮት ተደብቆ ሞከረ፤ የነጋዴውን ድምፅ ለይታ ጮኸች። ሲስተር አሰፋሽ ከገበያ በርታኛ የሚያውቁ ሁለት ሴቶች አስመጣች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችባቸው። ከጤና ጣቢያው ግሉኮስ ተሰቀለላት፣ ነቀለችው። ሲስተር ሐኒን ለአንድ ምሳ ብቻ እንዲያስገቡላት ቦርዱን ለመነች፤ ሰብሳቢው ወደ መስክ ወጥተዋል፣ ሲመለሱ ይታያል ተባለች።

ያን ጊዜም ዝም አልኩ። ነገ እናገራለሁ እያልኩ ዘጠኝ ነገ አለፈኝ።

በአሥረኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ቆርቆሮውን መታው። አጠገቧ ነበርኩ። ድንገት አንጓዬን ያዘችኝ፤ እንደዚያ ያለ ጉልበት ከየት እንዳመጣች እንጃ። ዓይኗ ጥርት አለ። እኔን ሳይሆን ከኔ በስተጀርባ ያለውን ቦታ፣ ሐኒ ቁጢጥ የምትልበትን ቦታ እያየች መናገር ጀመረች። ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል። ደገመችው። ሦስተኛ ስትለው እርሳሴን አወጣሁና ባልተሞላ የጥያቄ ወረቀት ጀርባ ላይ የሰማሁትን ድምፅ በፊደል ጻፍኩ። ትርጉሙን አላውቅም፤ የት ላይ ቃል እንደሚቆረጥ እንኳ አላውቅም። እንደሰማሁት ጻፍኩ። ሳቀችና እጇ ላላ።

ለከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት አዛን ሲል ሲስተር አሰፋሽ ዓይኗን ጨፈነችላት።

ጁምዓ በሩን ከፍቶ ለቀባሪ ሊናገር ሲወጣ ወረቀቱን አሳየኝ አላለኝም፤ ስጽፍ ግን አይቶኛል። ተርጉምልኝ ብለው ይተረጉምልኝ ነበር። አሶሳ ውስጥ ይህን የሚያነብልኝ ሰው ሞልቷል። አጥፌ ከሐኒ ደብዳቤ ጎን አስቀመጥኩት። አንድ ጊዜ የሰውን ዝምታ ከፍቼ ያደረግሁት ይበቃኛል።

* * *

ሲስተር አሰፋሽ ከቀብር መልስ በረንዳው ላይ እግሯን ስትታጠብ ነገርኳት። ከማንጎው ሥር ጀምሬ፣ ሃምሳ ሰባት ብዬ፣ በረንዳው ላይ ሐኒ እኔን ስትጠራ ምን እንዳልኩ ድረስ። ውኃው እግሯ ላይ ሲፈስ ቆየ።

«ሐኒን መስሎህ ነው እንጂ የለካኸው የራስህን ልብ ነው፣ ልጄ» አለችኝ በመጨረሻ። ቁጣ አልነበረባትም፤ ድካም ብቻ። «እኔ አሥር ቀን ሙሉ አሳባቂ ተብዬ ነው የዋልኩት። እሱስ ይለፍ። ወረቀት አምጣና ጻፍ። ቁጥር አይደለም፣ ስምህን በሙሉ ጻፍ።»

ለቦርዱም ለአቶ ኢተፋም ጻፍኩ። ከአቶ ኢተፋ መልስ አልመጣም፤ አዲስ አበባም እዚያው ቀረች። ቦርዱ ግን በአራተኛው ቀን ደብዳቤውን ሻረ፤ ሐኒ ወደ ሥራዋ ትመለስ አለ። ሲስተር ጁምዓን ልካ አስጠራቻት።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መጣች። ጥቁር ሻሽ አስራለች፤ ኡም ዐወድ መሞቷን ሰምታ ነበር። ሲስተርን ሳመቻት፤ ተሳስቼ ስምዎን አንስቻለሁ አለቻት፤ ሁለቱም አለቀሱ። ከዚያ መልሷን የቀየረው ማን እንደነበር ጠየቀች። ሲስተር በአገጯ ወደ ጥያቄ ክፍሉ አመለከተቻት። እኔ እዚያ ነበርኩ።

ቆሜ ነገርኳት። ፊቷን እያየሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባዬን ሳልሰጣት። ስጨርስ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«አሥራ አራት ላይ ስንት ጣልክ?»

«አንድ።»

«አንድ» አለች፤ አንጓዋ ላይ ያለውን ጠባሳ በአውራ ጣቷ እየዳበሰች። «ደክሞኝ ነበር፣ በቃሉ። ማን አልደከመኝም አለህ? ግን ድካሙ የኔ ነበር። ዜሮው ለኡም ዐወድ የሰጠኋት ነበር።»

እንድታርፊ ብዬ ነው አልኳት። ሳልጨርስ ቃሉ ራሱ አሳፈረኝ። ከደረቴ ወረቀቱን አውጥቼ ዘረጋሁላት።

«ይሄ የኡም ዐወድ ነው» አልኩ። «በመጨረሻ ሦስት ጊዜ ያለችው። እንደሰማሁት ነው የጻፍኩት። ማንንም አላስነበብኩም። አንድ ፊደል አልጨመርኩበትም።»

ተቀበለችኝ። ከንፈሯ መጀመሪያ ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ፤ የኔን ደንባራ ፊደል እየሰባበረች፣ እንደገና እየገጣጠመች አነበበች። መሀል ላይ ቆመች። ወደ ኋላ ተመልሳ ከመጀመሪያው ጀመረች። ሁለተኛ ስታነበው ድምፅ ነበረው፤ በኔ እጅ ተጽፎ በእሷ አፍ ሲወጣ ያ ድምፅ ቋንቋ ሆነ። እጇ ወደ አፏ ሄደ።

«ምን አለች?» አልኩ።

ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ መዳፏ ውስጥ ጨበጠችው። እነዚያን ድምፆች ዛሬም በቃሌ ልላቸው እችላለሁ። እዚህ ግን አልጽፋቸውም፤ የኔ አይደሉም።

ጠረጴዛው ላይ ጣሳውና የጠጠሩ ከረጢት ነበሩ። አቀረበቻቸው።

«ዙር» አለችኝ። «አሥራ ዘጠኝን አንብብልኝ።»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ለማንበብ ወረቀት አላስፈለገኝም።

«በሥራ ቦታዬ የልቤን የምነግረው ሰው የለኝም።»

ከረጢቱ ሲከፈት ሰማሁ። ከውጭ በግቢው ያለ የማንጎ ዛፍ ቅጠል የጠዋቱን ዝናብ ያንጠባጥባል።

ቋ።

ቋ።

ቋ።

አራተኛው ዘገየ። ከሦስት ላይ ብትተወው፤ አንዲቷን ብቻ ብታስቀርልኝ አልኩ በልቤ። እንዲህ አጥብቄ የለመንኩት ነገር የለም።

ቋ።

እርሳሴን አንስቼ ባልተሞላ የጥያቄ ወረቀት ላይ አራት ብዬ ጻፍኩ። በላጲስ አልነካሁትም። ወንበሩ ሲንቀሳቀስ፣ ጫማዋ በረንዳውን አልፎ ጠጠሩ ላይ ሲራመድ ሰማሁ። ጁምዓ «ሐኒ፣ የት ነው? ሥራ አልጀመረም እንዴ?» ሲል ሰማሁ። የግቢው በር ተከፈተ፤ ተዘጋ።

ስዞር ጣሳው አለ። የኡም ዐወድን ወረቀት ይዛው ሄዳለች።